በየትምህርት ቤቱ አንድ ብቻ፦ የቤተ መጻሕፍት መምህራን ለምን ይፈላለጋሉ?

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሂሳብ መምህራን አምስትም ስድስትም ሊሆኑ ይችላሉ። ፈተና አብረው ያወጣሉ። አንዱን ያስቸገረውን ምዕራፍ ሌላው እንዴት እንዳስተማረው በሻይ ሰዓት ይነግረዋል። አዲስ የተመደበው ጀማሪ ከአንጋፋው ሥር ሆኖ ሥራውን ይለምዳል። አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያውቅም ማን እንደሚተጋና ማን እንደሚለግም አይደበቅም። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ግን በዚያው ግቢ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያይለት፣ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲቸግረው የሚያማክረው የሙያ አጋር ከጎኑ የለም። ርዕሰ መምህሩ የቋንቋ ወይም የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ገብቶ መገምገም ይችል ይሆናል። መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ለአንባቢ በሚመች መንገድ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ተማሪ ያገኘውን መረጃ እንዴት እንዲመረምር እንደሚሠለጥን ግን እሱም አብዛኛውን ጊዜ አልተማረውም። ይህን ብቸኝነት የሰዎቹ ጠባይ አላመጣውም፤ ሥራው ሲፈጠር ይዞት የመጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሳል። የትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት መምህራን ከግቢያቸው ወጥተው ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት ሲመች ብቻ የሚደረግ ትርፍ ነገር ሳይሆን የሥራው አንድ አካል ነው። ስለዚህ ጊዜ ሊመደብለት፣ በጀት ሊያዝለት፣ በሥራ ዝርዝር ላይም ሊጻፍ ይገባል። ለዚህ ማስረጃ የምንፈልገው ሙያው ረዘም ያለ ታሪክ ካለባቸው ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከካናዳ ነው። እነዚህ አገሮች ሙያውን ሲገነቡም ሲያፈርሱም ስለታዩ ከሁለቱም መማር ይቻላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በቅድሚያ ሥራውን እንወቀው። በአውስትራሊያም ሆነ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት የቤተ መጻሕፍት መምህር የሚባለው ባለሙያ በመጀመሪያ መምህር ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው። መጽሐፍ ማዋስና መልሶ መቀበል የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ለምሳሌ የሰባተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ስለ ውኃ እጥረት ሊያስተምር ቢያስብ፣ ሁለቱ ተቀምጠው ትምህርቱን አብረው ያቅዳሉ። የክፍሉ መምህር ይዘቱን ይይዛል። የቤተ መጻሕፍቱ መምህር ደግሞ ፈጥኖ ለሚያነበውም ለሚቸገረውም ልጅ የሚሆኑ ምንጮችን ይመርጣል፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጥያቄ እንዲያወጡ ያለማምዳል፣ ሁለት ምንጮች ሲቃረኑ ምን እንደሚደረግ ያሳያል፣ የሰውን ሐሳብ ከየት እንዳመጡት መጥቀስን ያስተምራል። በመጨረሻም ሥራቸውን አብረው ያርማሉ። ሥራው እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ የሚወጡትን መጻሕፍት፣ የሚለወጠውን ሥርዓተ ትምህርትና የየክፍሉን ልጆች የንባብ ችሎታ በአንድ ጊዜ መከታተል ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ብቻውን አሟልቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ብቻውን የቀረ ባለሙያ የሚያስከፍለው ዋጋ ቶሎ አይታይም። የሂሳብ መምህር ሲያጠፋ በፈተና ውጤት ይጋለጣል፤ የቤተ መጻሕፍት ጥፋት ግን ለዓመታት ተሸሽጎ ይኖራል። ስብስቡ በአንድ ሰው ምርጫ ብቻ ይሞላል። ዘመን ያለፈባቸው የሳይንስ መጻሕፍት ማንም ሳያወጣቸው መደርደሪያውን ይዘው ይቆያሉ። ልጆች የማያነሷቸው መጻሕፍት በየዓመቱ ይገዛሉ። ከዚያ ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲዛወር ያካበተው ልምድ አብሮት ይሄድና ተተኪው ሀ ብሎ ይጀምራል። ይህ የስንፍና ውጤት አይደለም። የሌላውን ሥራ አይቶ የራሱን የሚለካበት ዕድል ያላገኘ ትጉህ ሰውም እዚያው ይደርሳል።

ሙያው ሙያ የሆነው በመገናኘት ነው

የአሜሪካ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1900 ሜሪ ኪንግስበሪ ብሩክሊን በሚገኘው ኢራስመስ ሆል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ፤ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሠልጥነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመመደብ የመጀመሪያዋ ተደርገው ይጠቀሳሉ። የአገሪቱ የመምህራን ማኅበር የቤተ መጻሕፍት ክፍል ያቋቋመው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1896 ነበር። የትምህርት ቤት ባለሙያዎቹ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ራሱን የቻለ ክፍል ለማግኘት ግን እስከ 1951 ጠብቀዋል። በመካከል ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ባለሙያዎቹ በመምህራንና በቤተ መጻሕፍት ሰዎች መካከል ተከፍለው፣ ለመምህራኑ መምህር ሳይመስሉ፣ ለቤተ መጻሕፍት ሰዎቹም እንደ እንግዳ እየታዩ የቆዩበት ነው። ትምህርት ቤት ምን ያህል መጽሐፍ፣ ምን ያህል ቦታ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ አገር አቀፍ መለኪያ እያደገ የመጣው ተገናኝተው መነጋገር ከጀመሩ በኋላ ነው፤ በ1960 የወጣው መለኪያ ከእነዚህ ዋነኛው ነው።

መለኪያ በወረቀት መውጣቱ ብቻውን አልበቃም፤ ሰው ማየት ነበረበት። በ1963 የተጀመረው የናፕ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ድጋፍ አግኝቶ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በመለኪያው መሠረት አደራጀ። የፕሮጀክቱ ብልሃት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ ከሌሎች ወረዳዎች ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በቡድን እየመጡ እንዲጎበኙ ተደረገ። ጎብኚዎቹ ያዩት ትልቅ ሕንፃ አልነበረም፤ መምህርና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አብረው ሲያቅዱ፣ ልጆች ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲመላለሱ የሚታይ የሥራ ቀን ነበር። በ1965 የፌዴራሉ መንግሥት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግን አውጥቶ ለትምህርት ቤት መጻሕፍትና መሰል መርጃዎች በመጀመሪያው ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውሉት የሚያውቁ፣ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየክፍለ ግዛቱ ነበሩ።

አውስትራሊያ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ትሰጣለች። በ1964 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሳራ ፌንዊክ የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ዞረው ተመለከቱ፤ በ1966 የታተመው ሪፖርታቸውም የቤተ መጻሕፍቱን ድህነት ፊት ለፊት ተናገረ። ባለሙያዎቹ ሪፖርቱን ይዘው ተንቀሳቀሱ፤ ቀስቅሰው፣ ተሟግተው የፌዴራሉ መንግሥት በ1969 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ መመደብ ጀመረ። አገር አቀፉ የአውስትራሊያ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። የውጭ ታዛቢ የጻፈው ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ያልቀረው ይዞት የሚሮጥ የተደራጀ ወገን ስለነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነው ግን የካታሎግ ሥራው ነው። አንድ የልጆች መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ይገዙታል። እያንዳንዱ ባለሙያ መጽሐፉን ብቻውን መዝግቦ፣ በርዕሰ ጉዳይ መድቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ቢያኖር አንዱ ሥራ ሺህ ጊዜ ይደገማል ማለት ነው፤ ያውም በሺህ ዓይነት። በ1984 አውስትራሊያውያን ይህን አገር አቀፍ በሆነ የትምህርት ቤቶች የካታሎግ አገልግሎት ፈቱት፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተዘጋጀውን መዝገብ ሌሎቹ እንዳለ ይወስዱታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ደረሰ። አገልግሎቱ ስሙና አስተዳደሩ ተለዋውጦ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዳነው ጊዜ ደግሞ ለልጆች ነው የሚውለው፤ መጽሐፍ ሲመዘግብ ይውል የነበረ ሰው ከተማሪ ጋር ለመቀመጥ ሰዓት አገኘ።

ርቀትም ቢሆን አልገታቸውም። በአውስትራሊያ የገጠር ከተሞች የሚያስተምሩ መምህራን ሥራቸውን ሳይለቁ በቻርልስ ስተርት ዩኒቨርሲቲ የርቀት ትምህርት የቤተ መጻሕፍት መምህርነትን ማጥናት ይችላሉ፤ በዚያው የሚተዋወቁት የትምህርት ጓደኞቻቸውም በኋላ የሙያ አማካሪዎቻቸው ይሆናሉ። በአሜሪካ በ1992 የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲው ማይክ አይዘንበርግና በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለሙያ የነበሩት ፒተር ሚልበሪ ባለሙያዎቹ በኢሜይል የሚጠያየቁበትን መስመር ሲከፍቱ፣ ኢንተርኔት ገና ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር። በዚያ መስመር የተለመደ አንድ ደንብ ነበር፤ ጥያቄ ያቀረበ ሰው የመጡለትን መልሶች ጠቅልሎ ለሁሉም ያካፍላል። አንድ ሰው በቸገረው ጊዜ የተገኘው መፍትሔ በዚህ መንገድ የሁሉም ሀብት ይሆናል።

ዓለም አቀፉ መድረክም የተወለደው በመምህራን መካከል ነው። የዓለም የመምህራን ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1965 ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አድርጎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር በተደረገው ጉባኤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጉዳይ መነጋገሪያ ሆነ። ውይይቱ ከዓመት ዓመት ቀጥሎ በ1971 በጃማይካዋ ኪንግስተን ዓለም አቀፉ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንትም አሜሪካዊቷ ጂን ላውሪ ነበሩ። ማኅበሩ ከመምህራን ጉያ መውጣቱ ሊዘነጋ አይገባም። ይህ ባለሙያ በዋነኛነት የመምህር ወገን ነው።

የሚነሱት ጥያቄዎች

እስከዚህ ድረስ የተባለውን የሰማ አስተዋይ አንባቢ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ ለባለሙያዎቹ ጠቅሞ ይሆናል፤ ለተማሪውስ? የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪው ኪት ካሪ ላንስና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ያደረጉት ጥናት በ1993 ታትሞ፣ የተሻለ ባለሙያና ስብስብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በንባብ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳየ፤ ተመሳሳይ ጥናቶች በሌሎች በርካታ ክፍለ ግዛቶች ተደገሙ። ተቃዋሚዎች ሀብታም ሰፈር ጥሩ ቤተ መጻሕፍትም ጥሩ ውጤትም አለው ብለው ይከራከራሉ። ጥናቶቹ የቤተሰብን ኑሮና የትምህርት ቤቱን ወጪ ግምት ውስጥ አስገብተው ለመለየት ሞክረዋል፤ ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ጥናት የሁለት ነገሮችን አብሮ መሄድ እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ሙሉ በሙሉ እንደማያረጋግጥ አምነን መቀበል አለብን። በ2000 የወጣው ሁለተኛው የኮሎራዶ ጥናት ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል፤ ጥሩ ውጤት አብሮ የሚታየው ባለሙያው ከመምህራን ጋር በትብብር በሚያቅድበትና በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መሆኑን አመለከተ። ክርክሩ እንግዲህ መደርደሪያና ሕንፃ ስለመኖሩ ሳይሆን ስለሚሠራው ሥራ ዓይነት ነው። አብሮ ማቀድን ደግሞ ሰው ከማንም ሳያይ፣ ከማንም ሳይሰማ ብቻውን አይፈጥረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ከተገናኙ፣ ከተደራጁ፣ ሙያቸው ለምን እየሳሳ ሄደ? እውነት ነው፤ ሳስቷል። በ2021 የወጣው የላንስና የዴብራ ካቸል ጥናት በአሜሪካ ከ2009 እስከ 2019 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ቁጥር ወደ 20 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በአውስትራሊያም የፌዴራሉ ፓርላማ ኮሚቴ በ2010 ጉዳዩን መመርመር ጀምሮ ከ380 በላይ የጽሑፍ አስተያየቶች ቀረቡለት፤ በ2011 ያወጣው ሪፖርትም በጡረታ የሚወጡት እንደማይተኩ፣ ስንት ባለሙያ እንዳለ እንኳ በቅጡ እንደማይታወቅ ገልጾ 11 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። አስተያየቱን በዚያ ብዛት ማሰባሰብ የቻሉት ተገናኝተው ስለነበረ ነው፤ ቁልቁለቱን ግን በዚያ ብቻ ሊያቆሙት አልቻሉም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግንኙነት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የሙያ ሰዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ሲነጋገሩ መጽናኛም ዕውቀትም ያገኛሉ፤ ጉልበት ግን የሚገኘው ሌሎችን ሲጨምሩ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያን እንመልከት። በዚያ የቤተ መጻሕፍት መምህራኑ የአጠቃላዩ የመምህራን ማኅበር አባላት ናቸው፤ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥም ለ702 ተማሪዎች አንድ የቤተ መጻሕፍት መምህር የሚል ድንጋጌ ነበር። በ2002 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ይህንንና የክፍል ተማሪ ብዛትን የሚወስኑ ድንጋጌዎችን በሕግ ሰረዘ። ማኅበሩ ለዓመታት ተሟግቶ በኅዳር ወር 2016 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ድንጋጌዎቹ ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቶችም ባለሙያ መልሰው ቀጠሩ። የቤተ መጻሕፍት መምህራኑ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ አሥራ አራት ዓመት ክርክር የሚችል አቅም ከየት ያመጡ ነበር? የሂሳቡም፣ የሳይንሱም፣ የስፖርቱም መምህር አብሯቸው ስለቆመ ነው ያሸነፉት።

በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬን ከተማ የሆነውም ከዚህ ይዛመዳል። በ2007 ወረዳው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን የሥራ ሰዓት ሲቀንስ ሦስት እናቶች ተነሱ፤ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ከባለሙያዎቹ መረጃ ወሰዱ፣ ወደ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመላለሱ። በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት 4 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እናቶቹ ልብ ነበራቸው፤ አሃዙንና ማስረጃውን የያዘው ግን ባለሙያው ነበር። የቤተ መጻሕፍት መምህር ሙያውን የሚያስጠብቀው ወላጅ ሥራውን ሲያውቅለት ነው። ወላጅ እንዲያውቅ ደግሞ ባለሙያው ሥራውን አሳምሮ መግለጽ መቻል አለበት፤ ይህንን ከሌሎች ይማረዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ባለሙያው ለስብሰባ በወጣ ቁጥር ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋል፤ ዓመታዊ ጉባኤ ደግሞ ውድ ነው፤ የሚሄዱት የከተማና የሀብታም ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። ይህ ቅሬታ እውነት አለው፤ ግን የሚነቅፈው ግንኙነትን ሳይሆን የተበላሸ አደረጃጀትን ነው። ግንኙነቱን ለእያንዳንዱ ባለሙያ በጎ ፈቃድና ኪስ ከተውነው በርግጥም ያለው ብቻ ይገናኛል። የሩቅ ገጠር ባለሙያ፣ ጀማሪው፣ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ይቀራል። መድኃኒቱ ግንኙነቱን መተው ሳይሆን በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ በአቅራቢያ፣ በመደበኛነት እንዲሆን ማድረግ ነው። በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች ባለሙያዎች መገናኛ ቢመደብ፣ የሚጠፋው ሰዓት ጥቂት ነው። የሚድነው ደግሞ ማንም የማያነበውን መጽሐፍ ለመግዛት ይወጣ የነበረው ገንዘብና ሌላው ቀድሞ የጨረሰውን ሥራ እንደገና ለመጀመር ይባክን የነበረው ድካም ነው።

አራተኛው ደግሞ የዘመኑ ጥያቄ ነው፦ ስልክ ሁሉን ይመልሳል፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ድርሰት ይጽፋል፤ የቤተ መጻሕፍት መምህር ምን ያደርጋል? ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያደረጉት ጥናት መልስ ይሰጣል። የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና ሙያቸው የዜና እውነታ ማጣራት የሆነ ሰዎችን በድምሩ 45 ሰው ወስደው፣ አንድ ድረ ገጽ ይታመን አይታመን እንዴት እንደሚወስኑ ተመለከቱ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በገጹ ውስጥ ቆይተው በሚያምር ቅርጹና በሚያስተማምን አርማው ተታለሉ። እውነታ አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ይህ የሚማሩት ጥበብ ነው፤ የታሪክ ዶክተር መሆን ብቻውን አይሰጥም። ማስተማሩ ለቤተ መጻሕፍት መምህሩ የሚስማማ ሥራ ነው። የማታለያው ዘዴ በየጊዜው እየተለወጠ ስለሆነ ግን አንድ ሰው በአንድ ግቢ ሆኖ ሊከተለው አይችልም፤ አንዱ ትምህርት ቤት ዛሬ ያየውን ሌላው ነገ እንዲጠነቀቀው መነጋገር ያሻል።

የመጽሐፍ ክርክር ሲነሳም ብቸኝነት ይጎዳል። በአሜሪካ ከ2021 ወዲህ መጻሕፍት ከትምህርት ቤት ይውጡ የሚሉ ጥያቄዎች በርክተዋል። ወላጅ ልጁ ስለሚያነበው መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄው ግን ሥርዓት ባለው መንገድ፣ መጽሐፉን አንብቦ፣ በኮሚቴ ታይቶ ሊመለስ ይገባል። ከሌሎች ጋር የተገናኘ ባለሙያ በጽሑፍ የተዘጋጀ የመጽሐፍ አመራረጥ ደንብና የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓት ቀድሞ ይኖረዋል፤ የአሜሪካው የሙያ ማኅበር ከ1955 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን የአቋም መግለጫ ነበረው። ብቻውን ያለው ባለሙያ ግን ክርክር ፈርቶ መጽሐፉን ዝም ብሎ ከመደርደሪያ ያነሳል፣ ወይም በእልህ ይጋጫል። ሁለቱም ወላጅንም ተማሪንም አይጠቅሙም።

ወደ እኛ ስንመጣ

በኢትዮጵያ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ማለት ገና የመማሪያ መጽሐፍ የሚከማችበት ክፍል ነው። ስለዚህ መጽሐፍ በሌለበት ስለ ባለሙያ ግንኙነት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጥቂት ያለው ሰው ያለውን በትኖ ማባከን አይችልም። የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ ከመጻሕፍቱ ጋር ይዘው የመጡት በሌላ አገር ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲሠሩ ያካበቱትን ልምድ ነው። በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ለልጆቹ የሚስማማ መሆኑን የሚለይ፣ እንዴት እንደሚደራጅና እንደሚነበብ የሚያውቅ ሰው ከሌለ መጽሐፉ ከካርቶኑ አይወጣም፤ ቢወጣም ለማስጌጫ ይሆናል።

አገሪቱ ደግሞ ለዚህ የሚሆን መዋቅር አላት። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተው በማዕከል ትምህርት ቤት ይገናኛሉ፤ መምህራንም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ያደርጋሉ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በዚህ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ቡድን ቢታዩ አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። ተገናኝተው የሚሠሩት ሥራም ሞልቷል። የአማርኛ መጽሐፍን መመዝገብ ብቻውን ስምምነት ይጠይቃል። ስማችን በራስ ስም ይጀምራልና በአባት ስም እንዲፈለግ የተሠራ የውጭ ሥርዓት አይመቸንም። የፊደላችን ሞክሼ ሆሄያት ደግሞ አንዱን ጸሐፊ በሁለት ቦታ ያስቀምጡታል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲን አንዱ ትምህርት ቤት በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ቢመዘግብ ተማሪው አንዱ ጋ አግኝቶ ሌላው ጋ የለም ይባላል። ይህን አንድ ባለሙያ ለብቻው ወስኖ አይፈታውም፤ ደንቡ ደንብ የሚሆነው ሁሉም ሲከተሉት ነው። አንድ ጉድኝት ያዘጋጀው መዝገብ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ክልል ቢያድግ አውስትራሊያውያን በ1984 የደረሱበት ላይ የማንደርስበት ምክንያት የለም።

በውጭ የሚኖሩ አንባቢዎቻችንም ከጉዳዩ ሩቅ አይደሉም። በሜልበርን፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ወይም በሚኒሶታ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለእነዚህ ልጆች መጽሐፍ ልግዛ ቢል ቋንቋውን አያውቅም፤ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ሊመርጥ አይችልም። ተመሳሳይ ተማሪዎች ያሉት ሌላ ትምህርት ቤት ባለሙያና የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ካላገዙት መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ «ይህ ትምህርት ቤት የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት መምህር አለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ካለም ቀርቦ ቢተዋወቀው፣ የስፖኬን እናቶች የሠሩትን ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የትምህርት ቤት ኃላፊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን የሥራ ዝርዝር ሲያወጣ፣ በመደበኛ ሰዓት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ባልደረቦች ጋር መገናኘትን አንድ ተግባር አድርጎ ይጻፈው። ጀማሪ ባለሙያ በመጀመሪያው ዓመቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንጋፋ ጋር ይጣመር፤ ሄዶም ሲሠሩ ይመልከት። ባለሙያዎቹም ተገናኝተው የመከሩትን ለመምህራንና ለወላጆች በሚገባ ቋንቋ ይዘው ይመለሱ። ከዚያ ኃላፊው ቤተ መጻሕፍቱን ሲገመግም ስንት መጽሐፍ አለ ከማለት አልፎ፣ ባለሙያው በዚህ ዓመት ከማን ምን ተማረ፣ ለማንስ ምን አካፈለ ብሎ ይጠይቅ። በየግቢው አንድ ብቻ የሆነ ባለሙያ ለተማሪ የሚሰጠው የሚጨምረው ከሌሎች የሚቀበለው ሲኖረው ነውና፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ለልጆቹ የሚያወጣው ገንዘብ ከንቱ አይቀርም።